ሳይለካ የመጣ ዘይት

እህቴ ስትወድቅ ክብሪት የሚጭር ሰው አይጠፋም። ትነቃለች ብለው ጭሱን ያስሸትቷታል። ትነቃለችም፤ ግን ክብሪቱ ባይጫርም ትነቃ ነበር። ይህን እዚህ ዳባት ውስጥ ስንት ሰው ፊት እንደተናገርኩ አላስታውስም። በምሠራበት ወፍጮ ቤት ውስጥ በዚያ ሰዓት ኪሱን የሚዳብስ ሰው ካየሁ እጁን እይዛለሁ። እሷን በጎኗ አስተኛታለሁ፣ ነጠላዋን አጣጥፌ ከራሷ ሥር አደርጋለሁ፣ ከዚያ አጠገቧ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ሰው ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አይወድም።

ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ከጤና ጣቢያ የሚሰጣት ኪኒን መውደቋን በጣም ቀነሰው እንጂ አላስቀረውም። በስልኬ ማንበብ የጀመርኩት የቀረውን ምን ያስቀረዋል ብዬ ነው። ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አንዱ ገጽ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። ወፍጮ ቤት ደግሞ ለንባብ ይመቻል፤ መብራት ሲሄድ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

እንዲህ ሳነብ ነው ሰውነታችን ካናቢስ በሚባለው፣ ሐሺሽ በሚወጣበት ተክል ውስጥ ካለው ጋር የሚመሳሰል ነገር ራሱ እንደሚሠራ ያወቅሁት። ተመራማሪዎቹ ተክሉ ሰውን እንዴት እንደሚያሰክር ሲፈልጉ አንጎል ውስጥ የሚያርፍበትን መቀበያ አገኙ። መቀበያው ለተክሉ ተብሎ አልተፈጠረም፤ ሰውነት የራሱ ነገር ኖሮት መሆን አለበት ብለው ቢፈልጉ፣ እሱንም አገኙት። ህመምን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ እንቅልፍን፣ ድንጋጤን ሁሉ ይነካል። እኔን የያዘኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ መልእክቱ ወደ ኋላ መሄዱ።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ስንጠብቅ ሊያስፈጩ ለመጡት ሴቶች በወፍጮው ምሳሌ አስረዳኋቸው።

«እኔ ከላይ እህል እለቃለሁ። እናንተ ከታች ማዳበሪያ ይዛችሁ ዱቄቱን ትቀበላላችሁ። ሲበዛባችሁ ምን ትሉኛላችሁ?»

«ቀስ በል፣ አንተ!»

«እኔስ ምን አደርጋለሁ?»

«ጆሮህ ውስጥ ዱቄት ካልሞላ ትሰማለህ» አለች አንዷ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ነገሩ ይኸው ነው። ተቀባዩ ነርቭ ሲበዛበት ያንን ንጥረ ነገር እዚያው ሠርቶ ወደ ላኪው ይመልሳል፤ ላኪውም ይቀንሳል። የሚጥል በሽታ ደግሞ ነርቮች ቀስ በሉ የሚላቸው አጥተው በአንድ ላይ ሲጮሁ ነው። ተመራማሪዎች በዚህ በኩል መድኃኒት ይገኝ ይሆን ብለው የሚለፉት ለዚህ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «የሐሺሹ ዶክተር» ሆነ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ እንኳ ሰምታለች።

«እህትህን ሐሺሽ ልታስጨሳት ነው አሉ?» አለችኝ እየሳቀች።

«ማንበብ ነው የጀመርኩት፤ ማጨስ አይደለም።»

«አንብብ። ኪኒኗን ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጡባት። በድንገት ከቆመ፣ ወድቃ ላትነሳ ትችላለች።» ይህን ስትል አልሳቀችም።

የሚስቁብኝ ሰዎች ብዙም አልጎዱኝም። ፈተናው የመጣው ካመነኝ ሰው ነው። የእናቴ ወንድም አምባ ጊዮርጊስ እየተመላለሰ እህል ይነግዳል። ወሬዬ ደርሶት ኖሮ፣ አንድ የገበያ ቀን እናቴንና እህቴን አስከትሎ ወፍጮ ቤት ገባ። ከጋቢው ሥር ጠርሙስ አወጣ። ውስጡ ጥቁር ዘይት ነው፤ ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

«ስታወራለት የከረምከው ይኸው፤ ከከተማ አስመጣሁት። ጠዋትና ማታ ትጠጣለች። ኪኒኑ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ ሻጩ አብሮ አይሄድም ብሏል።»

ወፍጮውን አጠፋሁት። ቤቱ ጸጥ አለ።

«አጎቴ፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው?»

«ያው ያልከው ነዋ!»

«በምን ለክታ ነው የምትጠጣው?»

«በማንኪያ።»

«በየትኛው ማንኪያ?»

«አንተ ልጅ! ማንኪያ ማንኪያ ነው!»

«የወጡ ነው የሻዩ?» አለች ገብስ ልታስፈጭ የመጣች ሴትዮ። ሰው ሳቀ፤ የአጎቴ ፊት ጠቆረ።

እናቴ አልሳቀችም። ክንዴን ያዘችኝ። «ተው ልጄ፣ እንሞክረው። ነገሩን ያመጣኸው አንተው አይደለህም?»

«እማዬ፣ እኔ ያነበብኩት ሌላ ነው» አልኳት። ከተክሉ ተጣርቶ የወጣ፣ የማያሰክር አንድ ንጥረ ነገር አለ። በሌላ አገር ለአንዳንድ ከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሆኗል። ተለክቶ ይሰጣል፤ ሐኪም ጉበትን እየተከታተለ፣ ከሌላው ኪኒን ላይ ተጨምሮ ነው እንጂ በኪኒኑ ፋንታ አይደለም። እንዴት እንደሚሠራ እንኳ ገና ጨርሰው አላወቁም። «ይህ ጠርሙስ ግን ምን እንደያዘ እኔም አላውቅም፣ አጎቴም አያውቁም። ኪኒኗ አይቆምም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ስታወራ የከረምከው ምንድን ነው?» ጮኸ አጎቴ።

«እሱንማ ነገም አወራዋለሁ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። በእርሱ ፊት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ሴትዮዋ ማዳበሪያዋን እያስተካከለች፣ ለማንም ሳይሆን ለገብሷ እንደምትናገር፣ «እኔ ይቺን እንኳ ስትገባም ስትወጣም ነው የማስመዝናት» አለች።

እህቴ እስካሁን ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሳች።

«እኔን የጠየቀኝ የለም። የምወድቀው እኔ ነኝ» አለች። ወደ አጎቴ ዞረች። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ለኔ ብለው ነው የደከሙት። ግን አልጠጣውም። ኪኒኔንም አልተውም።»

አጎቴ ጠርሙሱን መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተ። በሩ ላይ ሲደርስ ለእኔ ብቻ፣ «ዳግመኛ ደጄን እንዳትረግጥ» አለኝ። እናቴ እስከ ማምሻው አላናገረችኝም። ማታ ግን ኪኒኑንና ውኃውን ለእህቴ ያቀረበችላት እሷ ነበረች።

በኋላ እህቴን ጎንደር ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ያነበብኩትን ሁሉ ጠየቅሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ምርምሩ እውነት መሆኑን፣ ለእሷ ዓይነት ግን ገና የተረጋገጠ ነገር እንደሌለ፣ መድኃኒቱም በእጁ እንደማይገኝ ነገረኝ። ያለውን ኪኒን መጠን አስተካከለላት። አሁን የምትወድቀው ከበፊቱ ባነሰ፣ አልፎ አልፎ ነው። ትወድቃለች ግን።

እኔም ማንበቤን አላቆምኩም። ሐሺሽ ነው የሚለኝም፣ ሁሉን ያድናል የሚለኝም አላስቆመኝም። ያልታወቀውን አልታወቀም እላለሁ፤ የታወቀውን ደግሞ ማንም ቢስቅ እናገራለሁ። አጎቴን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳገኘው ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ፊቱን ያዞራል። በሚቀጥለውም እሁድ እጅ እነሳዋለሁ። ጠርሙሱን ግን ዛሬም ቢያመጣው አላስገባውም።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ምሳ ልታደርስልኝ መጥታ ወፍጮ ቤት ውስጥ ወደቀች። አንድ እንግዳ ሰውዬ ክብሪቱን አወጣ። ከላይ ሆኜ እህል እለቅ ስለነበር ቶሎ አልደረስኩም። ያቺ ባለ ገብስ ሴትዮ የእጁን አንጓ ጨብጣ፣ «እዚህ ቤት አይጫርም!» አለችው። ስወርድ በጎኗ አስተኝታት፣ ነጠላዋን ከራሷ ሥር አድርጋላት አገኘኋት።

ጠበቅን። እህቴ ዓይኗን ገልጣ ትንሽ ቆየችና አየሩን ሳብ አድርጋ አሸተተች።

«ዛሬ ክብሪት አይሸትም» አለች።