ምደባዬን ሳልጠብቅ ወጣሁ

ከነፋስ ስልክ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ለአባቴ «ምደባዬን ልጠይቅ ነው» አልኩት። ጋቢውን እንደተከናነበ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ፣ «ዛሬም ባዶ እጅሽን ከሆነ አትምጪ» አለኝ። አልተመለስኩም።

ምን ሆኜ መሰላችሁ? መንግሥት ለተመራቂ ሁሉ ሥራ የሚመድብበት ጊዜ ነበር፤ እኔ ግን በኬሚስትሪ ተመርቄ ስምንት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን የምሳው ሰልፍ፣ ፈተናው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት ያስመርረን ነበር። ደግፎ ያቆመኝ እሱ እንደሆነ ያወቅኩት ሲቀርብኝ ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ተምታቱብኝ። አንዳንድ ቀን ደብተሬን ይዤ፣ ክፍል እንዳለው ሰው እየተጣደፍኩ፣ እስከ ላፍቶ እርሻ እሄድና ገበሬዎቹ ሲያርሙ አይቼ እመለሳለሁ። በምረቃዬ ቀን ያለቀሰው አባቴ፣ የፋብሪካ ዘበኛ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ «ጓዳ ግቢ» ይለኝ ጀመር።

ምደባ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስሄድ ጸሐፊው፣
«ገና ነው፤ ስንጠራሽ ትመጫለሽ» ይለኛል።
«በምን ትጠሩኛላችሁ?»
«በየሳምንቱ ትመጪ የለ? ስትመጪ እንጠራሻለን።»

ያን ቀን ወደ መሥሪያ ቤቱ አልሄድኩም። በመተማ በኩል፣ በእግርም በጭነት መኪናም ሱዳን፣ ካርቱም ገባሁ። እዚህ ነፋሱ እንደኛ ሰፈር አያንዘፈዝፍም፤ እንደ ምድጃ ፊት ላይ ይተነፍስባችኋል። ኪስራ የሚሉት እንጀራ መሳይ አላቸው፤ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም። የሰው ቤት ገባሁ። እመቤቲቱ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ማንበብ ትችያለሽ?» ብላ ነው። የምታነብ ሠራተኛ እንደማትወድ ነግረውኝ ስለነበር «አልችልም» አልኳት። ከዚያ «ያ ሐበሺያ!» ስትለኝ እነሣለሁ፣ ተኚ ስትለኝ እተኛለሁ። አልዋሻችሁም፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ አለኝ። የምነሣበት ሰዓት አገኘሁ። ያፈርኩት በኋላ ነው።

በሦስተኛው ወር ስልክ ቤት ተሰልፌ የሰፈራችንን ባለ ሱቅ፣ ጋሽ ወርቁን በሱቁ ስልክ አገኘሁት። አባቴን ከማስጠራቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ልጄ፣ ምደባሽ እኮ በሄድሽ በሁለተኛው ሳምንት መጣ» አለኝ። «ስትጠፊ ቀበሌ ኮበለለች ብሎ አባትሽን አሰረው። ስብሰባ ላይ ቆሞ ካወገዘሽ በኋላ ነው የለቀቁት።»

የአባቴን ሳል ሰማሁ።
«አባባ፣ እኔ ነኝ።»
እንደገና ሳለ።
«አባባ?»
«እኔ ከሀዲ አልወለድኩም!» አለ፣ ሱቁ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

ስልኩን ግን አልዘጋውም። አጠገቡ የቀበሌ ሰው ቆሞ ይሁን፣ ከልቡ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። የስልክ ቤቱ ሰውዬ «ኸላስ!» ብሎ መስመሩን እስኪያቋርጠው ድረስ ሁለታችንም አልተናገርንም።