የሞተር ክፍሉ መውጫ

በጀልባ ማምረቻው የንድፍ ሠራተኛ ሳለሁ፣ ጀልባውን መርምሮ እንዲረከብ ከባሕር ኃይል የተላከውን ሰው የሚወድ አንድም ሰው አልነበረም። ሰላምታ አይሰጥም፤ የቀረበለትን ወንበር በመሐረቡ ሳይጠርግ አይቀመጥም። በዚያ ሙቀት የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ወፍራም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ደርቦ፣ ወደ አዲሱ የጥበቃ ጀልባ ሞተር ክፍል ይወርዳል፤ መብራቱን ያስጠፋና በዳበሳ ይወጣል። ሲወጣም እኔ የሣልሁት ጠባብ የጣሪያ መውጫ ሁልጊዜ ደረቱን ይይዘዋል።

«ይህ በር ይስፋ» አለ አንድ ቀን።

የአለቃችን ደም ፈላ። ብረቱ ተቆርጦ ተበይዷል፤ ማስፋት ማለት የአንድ ወር ሥራ ማፍረስ ነው። «ሰውዬ፣ የምንሠራው ጀልባ ነው ወይስ የሠርግ አዳራሽ?» ሲለው በያጆቹ አውካኩ።

«ለሠርግ ቢሆንማ መች እጨቃጨቅ ነበር! እስቲ ይኸን ልበስና አንተው ውጣ» ብሎ ሰደርያውን ወረወረለት።

አለቃችን እየተሳደበ ገባ። ሲወጣ ግን ብብቱ ላይ ተቀረቀረ። እጁን ልንይዘው ስንል ሰውዬው በክንዱ ከለከለን፤ ቁልቁል እያየውም ይቆጥር ጀመር። «ሃያ። ውሃው ወገብህ ደርሷል። ሠላሳ። አንገትህ ደርሷል።» አርባ ሲል ድምፁ ተሰበረና ፊቱን ከእኛ አዞረ።

አለቃችንን ጎትተን አወጣነው። የሚስቅ አልነበረም።

«ስንት ይጨመር?» አልሁት እርሳሴን አንሥቼ፤ ጥላቻዬ ገና አልበረደልኝም።

«አራት ጣት» አለኝ ሳይዞር። «ያኔም ለጓደኛዬ አራት ጣት ቢጨመርለት ይበቃው ነበር።»