የሙሽሮች ትራስ

የመቱ ዝናብ አንዴ ከያዘ የሚለቅ አይደለም። እኔ ከሸዋ የእጅ ሥራ መምህርት ሆኜ ስመደብ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ልብስ አይደርቅም፤ ጫማ ይሻግታል፤ ሰው ሁሉ በየቤቱ ይከተታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የማወራቸው አከራዬን ብቻ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ኦሮምኛ እምብዛም አይሻልም። አዮ እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደማለት ነው። ሁለታችንም የምናውቃቸውን ቃላት ስንጨርስ ዝናቡ በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ሲጮህ እናዳምጣለን። ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ክረምቱ ሲያባራ የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። ብራና በዚያ አገር እርጥበት ያብጣል፤ ስለዚህ መሪጌታው ሣሩ ላይ ሰሌን ያነጥፉና መጻሕፍቱን እየገለጡ እንደ እህል ያሰጧቸዋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ አየሁ። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ሐረግ ተስሏል፤ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መስመር እርስ በርሱ እየተጠላለፈ በገጹ ጎንና ጎን ይወርዳል።

«አትንኪ እንጂ ማየቱንስ እዪ» አሉኝና ቅጠሉን በሰንበሌጥ እየገለጡ አሳዩኝ። አንድ ቦታ ላይ ጽሑፉ መሐሉ ባዶ ነበር። ምን ጎድሎ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የባለቤቱ ስም ነው፣ ልጄ። ጸሐፊው የሚገዛውን ሰው ሳያውቅ ሲጽፍ ለስሙ ቦታ ይተውለታል። የዚህኛው ስም ሳይገባ ቀረ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በባለካሬ ወረቀት ላይ ፊደል መሣል ጀመርኩ። በብራናው ላይ ሐረጉ ከጽሑፉ በላይ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። እኔ ግን ፊደሉን ራሱን ከሐረግ ልሠራው ፈለግሁ። ቀላል አልነበረም። የበ እግሮች ካልወፈሩ መስመር አያስገቡም። የገ ክንድ ሐረግ ከበዛበት ተገንጥሎ የሚወድቅ ይመስላል። ተ ብቻውን መስቀል ስለሆነ ምንም አትጨምሪብኝ ይላል። የእኔ ስም የሚጀምረው በወ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ መሐላቸው ግድግዳ። ደጋግሜ ሠራሁት፤ ደጋግሜም ጠላሁት።

አንዲት ባልደረባዬ አየችውና ለእህቷ ሰርግ በትራስ ልብስ ላይ የሙሽራውንና የሙሽሪትን የመጀመሪያ ፊደል እንድሥልላት ለመነችኝ። በካርቦን አቡጀዲ ላይ ገልብጬ ሰጠኋት፣ ጠለፉት። ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀኝ። በገበያ ቀን ከሁሩሙ፣ ከኡካ፣ ከኖፓ ሳይቀር እናቶች ጨርቅ ታቅፈው ደጄ ይቆሙ ጀመር። ሙሽሮቹ በኋላ ሲያገኙኝ ጥልፉ ጉንጭ ይቆረቁራል እያሉ ይስቃሉ። ቀን ለእንግዳ ዐይን ጥልፉ ወደ ላይ ይሆናል፤ ሊተኙ ሲሉ ትራሱን ይገለብጡታል።

አዮ በእያንዳንዱ ትራስ ላይ «ካን ኤኙቲ?» ይሉኛል። የማን ነው ማለታቸው ነው። የሙሽሪትን አገር እነግራቸዋለሁ። «ካን ኬ ሆ?» ይላሉ ቀጥለው፤ የአንቺስ? ይህን ጊዜ መርፌው ይጠፋብኛል፤ ኦሮምኛውም አብሮት ይጠፋል።

ከሰሜን የመጣ አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ እንደ እኔው እንግዳ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ደጄ አብሮኝ ይመጣል። አዮ በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱና ወንበር ይሰጡታል። ሥራዬን አሞግሶ አያውቅም። «ይኼ መስመር ደግሞ የት ገባ?» ይልና በጣቱ እየተከተለ መጨረሻውን ይፈልጋል። ሌላው ሁሉ ያምራል ብሎ ያልፋል፤ የመስመሬን መጨረሻ የፈለገ እሱ ብቻ ነው። ወደድኩት። እሱ ግን ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ የልቡን አንድም ሳይናገር ይሄዳል፤ እኔም እሑድን እየጠበቅሁ እኖራለሁ።

በሚቀጥለው ክረምት የራሴን ትራስ ጀመርኩ። በቀኝ ወ ጠለፍኩ። በግራ ሐረጉን ዙሪያውን ሠራሁና መሐሉን ተውኩት። ሽማግሌ ሳይላክ የወንድ ፊደል መጥለፍ ነውር ነው፤ ራሷን አጨች ያሰኛል። ስለዚህ እንደዚያ እንደ ብራናው ጸሐፊ ቦታ ተውኩለት። የእሱን ፊደል ንድፍ ግን በወረቀት ጨርሼ ነበር። ከሠራኋቸው ሁሉ እሱ ይበልጣል።

ዝናቡ ሲያባራ ዝውውር ደረሰው። ወደ ጅማ በሚሄድ የቡና መኪና ሊሳፈር ሲል ሊሰናበተኝ መጣ። ትራሱ ጭኔ ላይ ነበር፤ ልደብቀው አልቻልኩም።

«ይኼስ የማን ነው?» አለኝ።

«የአንዲት የሁሩሙ ሙሽራ።»

በጣቱ ሐረጉን ተከትሎ ባዶው ጋ ሲደርስ ቆመ። «የወንዱ ፊደል የለም።»

«ገና አልነገሩኝም።»

ወ ላይ ብዙ ቆየ። «የእርስዎም ፊደል ይኸው አይደለም እንዴ?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ኩራቴ አልለቀቀኝም። «በወ የሚጀምር ስም ሞልቷል» አልኩት።

«እሱስ ሞልቷል» አለና ባርኔጣውን አነሣ። ምን ሊል ነበር? ምናልባት ምንም። ይህን ሳመላልስ ስንት ክረምት አለፈ። አዮ እስከ አጥሩ ሸኙት፤ እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡና ትራሱን አዩት። «ካን ኤኙቲ?» አሉኝ።

«ካን ኮ» አልኳቸው። የእኔ ነው።

የአንቺስ የሚለውን ጥያቄ ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። እጄን ይዘው አብረን ቁጭ አልን፤ ከመንገዱ የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ።

ከመቱ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ንድፉን አልጠለፍኩትም፤ ወረቀቱም የት እንደገባ አላውቅም። ትራሱ ግን አለ። የእነዚያ ሙሽሮች ትራስ ሊተኙበት ሲሉ መገልበጥ ነበረበት። የእኔን መገልበጥ አያስፈልግም፤ በግራ በኩል መሐሉ ለስላሳ ነው፣ ጉንጬን እዚያ ላይ አድርጌ እተኛለሁ።