ክዳን ያልነበረው መጥበሻ

አምበር አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ ሴቶቹን የምሰበስበው በየቤታቸው፣ በተራ ነበር። አንድ ቀን ተራው በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ቤት ደረሰ። ሰው ተሰብስቦ ሳለ ሳላስፈቅድ ጓዳቸው ገባሁና የዘይት ጣሳቸውን አነሳሁ። አልተከደነም፤ ላዩ ላይ በረሮ ተንሳፍፏል። ይዤው ወጥቼ ለሁሉም አሳየሁ።

«ይህንን ነው ለልጆችሽ የምታበዪው?» አልኳቸው።

አንቺ ነው ያልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ጎረቤቶቻቸው ተሳሳቁ። እኔ ደግሞ ሥራዬን በደንብ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ለዓመት ፈቃድ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ሳለሁ፣ እኒያን ሴት መናኸሪያ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ለመታከም ነበር የመጡት። ምሳ ሰዓት ስለነበር እንቢ ቢሉም ይዣቸው ቤቴ ገባሁ።

ድንች ልጠብስላቸው መላጥ ጀመርኩ። እሳቸው «ቁጭ ብዬስ ምን እሠራለሁ» ብለው ቡታጋዙ ሥር ሳይከደን ያደረውን መጥበሻ አነሱ። በዋዜማው ለልጆቼ ብስኩት የጠበስኩበት ዘይት አለበት። ከዚያ በፊትም ሦስት አራት ጊዜ ጠብሼበታለሁ፤ ጠቁሮ ሥሩ አይታይም። ዘንበል ሲያደርጉት አንዲት ትንሽ የሞተች አይጥ ከውስጡ ብቅ አለች።

ቢላውን እንደያዝኩ ቀረሁ። አሁን ይናገሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን በሩን ገፋ አድርገው ዘጉትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጆቹ እንዳያዩ» አሉኝ። ቀጥለውም፣

«እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል፣ እታለም? እናንተ ምንድን ነው የምትሉት?»

ፊታቸውን አየሁት። ፌዝ የለበትም። የምራቸውን ነው የጠየቁኝ።

«ዘይቱ ይወገዳል» አልኩ። «ቦይ ውስጥ ግን አይደፋም፤ በአመድ ተለውሶ ይቀበራል። መጥበሻው በፈላ ውሃና በሳሙና ይታጠባል።»

«ብስኩቱስ ተርፏል?»

«ተርፏል።»

«እሱም ይቀበር?»

«ይቀበር።»

ያልኩትን ሁሉ አደረጉ። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ጓሮ ተንበርክከው ሲቆፍሩ እኔ አጠገባቸው አመድ ይዤ ቆሜያለሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ልላቸው አፌን ስከፍት «ውሃ ላምጣልዎ?» የሚል ቃል ወጣኝ። ከዚያ ሽሮ በላን። መንገድ ላይ ስሸኛቸው ስለ ጉልበታቸው ብቻ አወራን።

ፈቃዴ አልቆ ስመለስ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ዘይትና ስለ አይጥ አስተማርኩ። ምሳሌ ስፈልግ የራሴው ነገር መጣልኝ። በራሴ ስም ልናገረው አስቤ ነበር። አፌ ላይ ሲደርስ ግን «አንዲት የማውቃት ሴት ቤት…» ብዬ ጀመርኩ። ሴቶቹ «ኧረ! እንዴት ያለች ዝርክርክ ናት!» እያሉ ሳቁባት። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ።

እኒያ እናት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሳቁ ጋብ ሲል ብቻ ጠየቁ፤

«ልጆቿ ግን ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው» አልኩ።

«ተመስገን» አሉ።

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። መዝገቤን አገላብጬ ስለ መጸዳጃ ቤት ማውራት ጀመርኩ።