ካርናክ በር ላይ የዋሸሁት

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ልብስ እያጣጠፍኩ፣ ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «ማሚ፣ ይሄን ቦታ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። በረድፍ የቆሙ ግራጫ ድንጋዮች። አንሶላው ከእጄ ወደቀ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ተቀመጥኩ።

ካርናክ ይባላል፤ ፈረንሳይ አገር፣ ባሕር ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። ድንጋዮቹን በዚያ ጥንት ዘመን ማን እንዳቆማቸው በውል አይታወቅም። የወሰደችኝ እቴቴ የምላት አክስቴ ናት፤ እዚሁ አጠገባችን፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። አባቷ፣ የእኔም አያት፣ ሲሞቱ አሳይለም ላይ ስለነበረች አገር ቤት መግባት አልቻለችም። መርዶውን አፓርታማዋ ውስጥ ሰማች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ፎጣ አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ጥቁር ለበሰች። ዓመት ሞልቶ ዘመድ ሁሉ አውልቂ ሲላት፣ «እንደ ሰው ሳላለቅስለት አላወልቅም» አለች።

አያቴ የተቀበሩት ጢያ አጠገብ፣ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ከቆሙበት ማዶ ነው። አንድ እንግዳ ትቶት በሄደ መጽሔት ላይ ካርናክን ስታይ፣ «እዚህስ ወረቀቴ ያደርሰኛል» አለች፤ የስደተኛ መጓጓዣ ወረቀቷ ከአገር ቤት በቀር ሌላ አገር ያስኬዳት ነበር። እኔን ለእንግሊዝኛው ይዛኝ ሄደች።

ሐምሌ ነበር። መንገዱ ጥድና ጨው ይሸታል። ለቁርስ ቅቤ የተቀባ ጠቆር ያለ ስስ ቂጣ አቀረቡልን። እቴቴ ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «እንጀራቸው ዓይን የለውም፤ ሊጡን ቸኩለውበታል» አለች። ከመርዶው ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ድንጋዮቹ በሽቦ ታጥረዋል። በሩ ላይ የነበረችው ልጅ፣ በሳመር የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ እንደሆነና ቀጣዩ ጉብኝት ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደሚጀምር ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ አዲስ የዋና ልብስ ነበረኝ።

«ምን አለችሽ?»

«ዝግ ነው።»

«ትንሽ እንኳ አያስገቡም? ለአባቴ ነው የመጣሁት በያት።»

«እቴቴ፣ ዝግ ነው አልኩሽ እኮ።»

ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ በሩ ላይ ከተደረደሩት የጉብኝት ወረቀቶች አንዱን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «በይ፣ ባሕርሽን አሳዪኝ» አለችኝ። እኔ ስዋኝ፣ እሷ በጥቁር ቀሚሷ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ዞር ባልኩ ቁጥር እጇን ታወዛውዝልኛለች።

ያኔ የሁለት ሰዓት ነገር መስሎኝ ነበር። ጆሮዋም አፏም እኔ ስለነበርኩ፣ ማንም እንደማያጋልጠኝ አውቄ ነው የዋሸኋት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ቅዳሜ ዕለት ልጄን «አጥሩን አውቀዋለሁ» አልኳት።

ያን የጉብኝት ወረቀት፣ ከጉዞው ስንመለስ፣ አብራት የምትሠራ ሴት አነበበችላት፤ በሩ ዝግ እንዳልነበረም ያኔ አወቀች። ይህን የሰማሁት ከእቴቴ ሳይሆን ከዚያችው ሴት ነው። በጥር፣ በሩ ለማንም ክፍት በሚሆንበት ጊዜ፣ ብቻዋን ተመልሳ ሄደች፤ ኤርፖርት ያደረሰቻትም ያቺው ሴት ናት። ስትመለስ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ነበር።