ላንድሮቨሯን ከጮቄ ያወረድኩ ዕለት

ይህ የሆነው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሃያ ሦስት ዓመት አስተማሪ ሳለሁ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ከልቤ ያልወጣው ግን ያን ቀን በጣም ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። የሰው እግር ከመቆረጥ አትርፌ ስመለስ ይቅርታ ጠይቂ ስለተባልኩም ነው።

ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። እኔ ሂሳብ አስተምራለሁ። ሙሉነሽ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ አንድ ግቢ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ታደለ ደግሞ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። እህል ነጋዴ የሆነው ታላቅ ወንድሙ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችውና ታደለ ቅዳሜና እሁድ ይዋሳታል።

ታደለ ተራራ ይወዳል። መንግሥት የሰሜንን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ማድረጉን በሬዲዮ ከሰማ ጀምሮ እረፍት አጣ። “ጮቄ እዚህ ደጃችን ላይ ተቀምጦ ከእኛ ውስጥ ወጥቶ ያየው የለም። ተራራን ካርታ ላይ በዱላ እያሳየሁ ማስተማር ሰለቸኝ” ይላል። መጀመሪያ ጮቄን እንድናይ፣ በትልቁ እረፍት ደግሞ ሰሜን ድረስ እንድንሄድ ተስማማን።

ከዚያ ጉዞ በፊት ሦስት ወር ያህል ታደለ እሁድ እሁድ መኪና መንዳት ያለማምደኝ ነበር። ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ ነው። ልጆች እየተከተሉ “ሴት ሹፌር! ሴት ሹፌር!” ይላሉ። ትልልቆቹ ቆመው ዝም ብለው ያዩኛል፤ እሱ ይብስ ነበር። ሜዳውን ለምጄዋለሁ፤ ዳገትና ቁልቁለት ግን ነድቼ አላውቅም። መንጃ ፈቃድም አልነበረኝም።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተነሳን። ጮቄ ሥር ወዳለችው ሮብ ገበያ የሚወስደው የበጋ መንገድ አቧራና ድንጋይ ብቻ ነበር። እዚያ የሙሉነሽ አክስት ቤት አደርን። ሴትዮዋ ጠንቃቃ ስለነበሩ ታደለን ጎረቤት ወስደው አስተኙት። “ሰው ምን ይላል?” አሉን። እኛ ሳቅን። ሰው የሚለውን ለመስማት ሁለት ቀን እንኳ አልጠበቅንም።

እሁድ ጠዋት መኪናው እስከሚሄድበት ሄድንና ቀሪውን በእግራችን ወጣን። ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጅብራ የሚባል የደጋ ተክል በየቦታው ቆሟል፤ የደረቀው ወድቆ ይታያል። ከእያንዳንዱ ጉብታ ሥር ውሃ ይፈልቃል። ታደለ ልጅ ሆነ። ከምንጭ ወደ ምንጭ እየዘለለ “ይሄ ሁሉ አባይ ነው የሚገባው! ነገ ክፍል ገብቼ የማወራውን ታያላችሁ!” ይላል።

ክፍል ግን አልገባም። አንዱን ምንጭ ሲዘል በረዶ የያዘ ድንጋይ ረገጠና ወደቀ። እግሩ በሁለት ድንጋይ መሐል ገባ፣ ሰውነቱ በሌላ በኩል ሄደ። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ከጉልበቱ በታች እግሩ ታጥፏል።

ሙሉነሽ አልጮኸችም። ሥራዋ ነው። የደረቀ የጅብራ ግንድ እኔን አስፈልጣ በግራና በቀኝ አደረገችለትና ነጠላዋን ቀድዳ አጥብቃ አሰረችው። እኔ ወደ ታች ሮጬ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች ጠራሁ። ሁለት እንጨት ላይ ጋቢ ወጥረው ቃሬዛ ሠሩና እስከ መኪናው አወረዱልን። አምላክ ይስጣቸው፣ አንዳቸውም ማን ናችሁ ብሎ አልጠየቀም።

መኪናው ጋ ስንደርስ የአካባቢው ጭቃ ሹም በበቅሎ መጡ። በዚያ ዘመን ጭቃ ሹም የመንደሩ አለቃ ነው፤ ያላቸው አይታጠፍም። ወርደው ታደለን አዩትና ወዲያው ወሰኑ።

“ወጌሻ ይጠራለታል። ሹፌር ደግሞ ከማርቆስ ሰው ልከን እናስመጣለን። ቢበዛ እስከ ነገ ማታ ይደርሳል።”

ሙሉነሽ የታደለን ጫማ አውልቃ ጣቶቹን ይዛ ነበር። ወደ እኔ ተጠግታ “እግሩ እየቀዘቀዘ ነው። ከቁርጭምጭሚቱ በታች የደም ሥሩ ሲመታ አይሰማኝም። እስከ ነገ ማታ ከቆየ እግሩን ያጣዋል” አለችኝ።

“እኔ እነዳለሁ” አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

“ማን?” አሉ ጭቃ ሹሙ።

“እኔ።”

“አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም። ገደሉን አይተሽዋል? ሦስታችሁም ታልቁና ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።”

“አባቴ፣ እኛ ብንሞት እርስዎ ይጠየቃሉ። የሱ እግር ቢቆረጥ ግን የሚጠይቅዎ የለም። መቆየቱ የቀለለዎት ለዚህ ነው” አልኳቸው።

እንዲህ ብዬ ለትልቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም። አባቴ ዲማ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ በሽማግሌ ፊት ቀና ብዬ እንኳ እንዳላይ ነው ያደግኩት። ያን ጊዜ ግን የታደለን ጣቶች ቀለም እያየሁ ነበር።

ጭቃ ሹሙ ዱላቸውን ይዘው መኪናው ፊት ቆሙ። “አትሄጅም ብያለሁ!”

ታደለን ከኋላ አስገባነውና መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ቁልፉ ሁለቴ ወደቀብኝ። ሞተሩ ሲነሳ ሰዉ ወደ ኋላ አለ፤ እሳቸው አልተነቃነቁም።

“ዘወር ይበሉልኝ” አልኩ።

“ወንድ ነሽ እንዴ አንቺ?”

“አይደለሁም። ዘወር ይበሉልኝ።”

ክላክሱን ተጭኜ ያዝኩት። በቅሏቸው ደንብራ ያሰራትን ገመድ በጠሰችና በገብሱ ማሳ ሽምጥ ወጣች። ጭቃ ሹሙ አንዴ እኔን፣ አንዴ በቅሏቸውን አዩ። ከዚያ በቅሏቸውን ተከትለው ሮጡ።

ልንነሳ ስንል ከቃሬዛው ተሸካሚዎች አንዱ የኋላውን በር ያዘ። ቢያድግልኝ ይባላል፤ አርባ ዓመት የሚሆነው ገበሬ ነው። “እግሩን ደግፎ የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል” አለና ገባ። ሌላው “አንተ፣ ሴት ነድታ ልትገድልህ ነው!” ቢለው “በቅሎ የምትገራ ሴት አይቻለሁ፤ ይቺም መኪናዋን ታውቃት ይሆናል” ብሎ መለሰለት። በሕይወቱ መኪና ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው መሆኑን በኋላ ነው የነገረን።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ እግሬ በራሱ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራተተች። ታደለ ከኋላ ጥርሱን ነክሶ “ፍሬኑን ተይው! አንደኛ ማርሽ አስገቢና ሞተሩ ይያዝልሽ” አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። መኪናዋ እያጓራች ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች። “እንደሱ። አትቸኩይ። ቀኝሽን እይ” ይለኛል። እኔም ድምፁን ይዤ እሄዳለሁ።

ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

“ታደለ?” አልኩ።

“ራሱን ስቷል፤ ይተነፍሳል። አንቺ መንገዱን ብቻ እይ” አለችኝ ሙሉነሽ።

ከዚህ በኋላ ብቻዬን ነበርኩ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ አስፍቼ ስታጠፍ የፊት ግራ ጎማ የላላ አፈር ላይ ወጣ። አፈሩ ሲናድና ድንጋዩ ገደሉ ውስጥ ሲንከባለል ይሰማኛል። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ያዝኩ፤ ግን አይታመንም። ሳልናገር ቢያድግልኝ ዘሎ ወረደና መኪናዋ እንዳትንሸራተት ከኋለኛው ጎማ ፊት ትልቅ ድንጋይ ታኮ አደረገ። ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ። ዳገት ላይ ወደ ኋላ ነድቼ አላውቅም። ሁለቴ ሞከርኩ፣ ሁለቴም ሞተሩ ጠፋ። በሁለተኛው መኪናዋ ድንጋዩን ገፋ አድርጋው ሙሉነሽ “እመብርሃን!” አለች። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል። ማልቀስ ፈለግኩ። ግን ያ ከኋላ የሳቀው ሰውዬ ትዝ አለኝና ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ያወጣኝ ብልሃት አይደለም፤ ንዴት ነው። ነዳጁን ረግጬ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ጎማው እየተሽከረከረ አፈር ረጨ፣ ከዚያ ያዘና ወደ መንገዱ ተመለስን። ቢያድግልኝ አፈሩን ከፊቱ እያራገፈ ገብቶ ተቀመጠና የታደለን እግር መልሶ ያዘ። “ሂጅ እንግዲህ” አለኝ።

ደብረ ማርቆስ ስንገባ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ሰው ከየሱቁ እየወጣ ያየናል። ሆስፒታሉ በር ላይ ሳቆም ጣቶቼ ከመሪው ላይ አልላቀቅ አሉ፤ ሙሉነሽ አንድ በአንድ አስለቀቀችኝ።

ሐኪሙ በዚያው ሰዓት አጥንቱን ቦታው መለሰው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሙሉነሽ ወጥታ “ደሙ ተመለሰ፤ ጣቶቹ ሞቁ” ስትለኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቢያድግልኝ መንገድ ላይ ሁለቴ አስመልሶት ስለነበር እኛ ቤት አሳረፍነው። በማግስቱ መኪና ፈልገን ልንሸኘው ብንለው “የለም የለም፣ በእግሬ እገባለሁ። መኪና ለዕድሜዬ ይበቃኛል” ብሎ ሄደ።

ሰኞ ወሬው ከተማውን ሞላው። ስለ እግሩ ያወራ የለም። ሁለት ሴቶች ከወንድ ጋር ተራራ ሄደው አደሩ፣ አንዷ ጭቃ ሹም ልትገጭ ነበር፣ ይሄ ነው ወሬው። ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቼ ያለ ፈቃድ መንዳቴን አመንኩ፤ መክረው ለቀቁኝ። እሱ አላስከፋኝም። ሕጉ ነው።

ያስከፋኝ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ነው። ቢሮው ጠራኝና የተዘጋጀ ደብዳቤ ሰጠኝ። ከወንድ ጋር ከከተማ ወጥቼ በማደሬ፣ ሹም በመዳፈሬና የመምህራንን ክብር በማጉደሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ ይላል። ከታች ስሜ ተጽፏል።

“ለአንቺው ብዬ ነው። ፈርሚና ይረሳል” አለኝ።

“ታደለስ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶታል?” አልኩት።

“ታደለ የታመመ ሰው ነው።”

“ሲድንስ?”

እስክሪብቶውን ከፊቱ ወሰድኩና ደብዳቤውን ገልብጬ ጀርባው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “መንጃ ፈቃድ ሳይኖረኝ መኪና ነድቻለሁ። ለዚህ ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ለቀረው ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አላየሁም። ነገም ቢያጋጥመኝ ይህንኑ አደርጋለሁ።” እሱን ፈርሜ ሰጠሁት።

በሳምንቱ አባቴ ከዲማ መጡ። አንድ ሰው ልጅዎ ስምዎን አሰደበች ብሎ መልእክት ልኮባቸው ነው። ከጭቃ ሹሙም ከዳይሬክተሩም ይልቅ የፈራሁት እሳቸውን ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ቆምኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

“ሰውየው እግሩ ዳነ?” አሉኝ።

“ድኗል፣ አባባ።”

“ታዲያ ይቅርታ ጠይቂ የሚሉሽ በመዳኑ ነው?”

“በቃ፣ እግሬን እጠቢኝ፤ ደክሞኛል” አሉና ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሱትም።

ዳይሬክተሩ ግን አልተወኝም። የዓመቱ ትምህርት ሳያልቅ ይጁቤ ወደምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ተዛወርኩ። ቅጣት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሄድኩ። አራት ዓመት አስተማርኩ፣ ወላጆች ሴቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት እንዲልኩ ቤት ለቤት እየዞርኩ ለመንኩ፣ ተጣላሁም። ከርሜ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ስወስድ ፈታኙ “ቁልቁለት ማን አስተማረሽ?” አለኝ። “ጮቄ” አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ታደለ ዛሬም በብርድ ጊዜ ትንሽ ያነክሳል። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ “ታዲያ አገባሽው?” ይለኛል። አላገባሁትም። እሱ ሌላ ሴት አገባ፣ እኔም ሌላ ሰው አገባሁ፤ ልጆቻችን አብረው አደጉ። አላገባሁትም ስል ሰዎች ቅር ይላቸዋል። እንዲያ ያለ ነገር ያደረግኩት በፍቅር ካልሆነ ነገሩ አይገባቸውም።

እኔ አሁንም በዚህ እናደዳለሁ። ጓደኛዬ ነበር። እግሩ እየሞተ ነበር። እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ መኪና መንዳት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ሌላ ምክንያትም ለማንም አልሰጥም።