ከበሩ ውጭ የቀረችው ሕፃን

ንጉሠ ነገሥቱ ከመንበራቸው ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ሰቆጣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ ሰው ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። እኔ በዚያ ዘመን በደብሩ መጻሕፍት አስተምር ነበርና፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ተቀምጠን የጻፈውን ያነብልኝ ነበር። ታሪኩ ከተከዜ ማዶ ስላለ የሙታን አገር ነው። ሙታኑ ማሽላ ይዘራሉ፤ ዝናቡ በወቅቱ ይመጣል፤ ፍየል በድርቅ አያልቅም፤ ዳኛም የለም።

«ዳኛ በሌለበት አገር የዋግ ሰው እንዴት ይኖራል? ያለ ሙግት በሳምንቱ ይታመማል» አልሁት።

«ለእርስዎ ስል አንድ ጭቃ ሹም እጨምራለሁ፣ የኔታ» ብሎ ሳቀ።

«ጭቃ ሹም ካለበትማ ሲኦል ነው።»

እኔ የተማርሁት ሌላ ነው፤ ጻድቃን በገነት፣ ኃጥኣን በሲኦል ሆነው የፍርድን ቀን እንደሚጠብቁ ነው። ይህንም ሳልሸሽግ ነገርሁት። አልተከራከረኝም፤ ማንበቡን ቀጠለ። ከአገሩ በር አጠገብ የቆመች አንዲት ሕፃን ዘንድ ሲደርስ ግን ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አኑሮ በቃሉ ነገረኝ። በረኛው የሚገባውን ሁሉ የክርስትና ስም ይጠይቃል፤ እርሷ የላትም።

ስለ ማን እንደሚጽፍ ያን ጊዜ ገባኝ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው፣ እንደ ወጉ፣ እዚያው ዋግ ውስጥ ባለው ዝቋላ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። ሕፃኒቱ ስትታመም የመንደሩ ቄስ ቅርብ ነበሩ፤ ለሞት የተቃረበ ሕፃን ቀኑን ሳይጠብቅ እንዲጠመቅም ሥርዓቱ ይፈቅዳል። የሚስቱ እናት ግን «ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው፤ ሳይደርስ ቤተ ክርስቲያን አናስደፍርም» ብለው ከለከሉ። ይህን ያሉት ከክፋት ሳይሆን እግዚአብሔርን ከመፍራት ነበር። አባትየው በእግሩ ተጉዞ ሲደርስ ልጂቱ ያለ ጥምቀት፣ ያለ ፍትሐት ተቀብራ ቆየችው።

«የኔታ፣» አለኝ፣ «ልጄን ማስገባት አቃተኝ። ደጋግሜ ጻፍሁት፤ በረኛው ዝም ብሎ ሲያሳልፋት ግን እኔው ራሴ አላምነውም። እርስዎ መጻሕፍቱን ያውቃሉ። በየትኛው ቃል ትግባ?»

ያን ክረምት ትርጓሜውን ሁሉ አገላበጥሁ። በትምህርት የሚበልጡኝን አንድ ሊቅም ሄጄ ጠየቅሁ፤ «ለቸርነቱ መተው ነው እንጂ እኛ የምንለው የለንም» አሉኝ። ይህንኑ ነገርሁት።

«ቸርነቱን አልክድም» አለ። «ነገር ግን ገብታለች ይሉኛል?»

ያልተጻፈውን ተጽፏል ማለት አልተቻለኝም። እርሱም ወረቀቱን ይዞ ሄደ።

መስቀል አልፎ አዝመራው ሲደርስ ተመልሶ መጣና ምዕራፉን እንደገና አነበበልኝ። በሩ አለ፤ በረኛው አለ፤ የገቡት ሰዎች ከነእህላቸው አሉ።

«ሕፃኗስ?» አልሁት።

«ሰረዝኋት፣ የኔታ። የሚያስገባት ከሌለ፣ እዚያ ቆማ ከምትቀር ጭራሽ ባትኖር ይሻላታል።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አልሁት።

«አሜን» አለና ወረቀቱን አጣጥፎ ተነሣ። በቀብር ቦታ የሚባለውን ሁለታችንም ብለን ነበርና፣ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ አገር አንሥተን አናውቅም።